ፀሐይና ነፋስ ውኃ ሲያወጡ፦ የመቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ

ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ ንጹሕ ውኃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ታሪኩን ከትናንት ወዲህ ይጀምረዋል። የፀሐይ ፓነል ውድ ነበር፣ አሁን ረከሰ፣ ስለዚህ ናፍጣ የማይደርስበት ገጠር ሁሉ ውኃ የሚያገኝበት ጊዜ ደረሰ ይላል። አባባሉ ከፊሉ እውነት ነው። ሆኖም መዝገቡን ወደ ኋላ ላገላበጠ ሰው፣ ፀሐይና ነፋስ በበረሃ ዳርቻዎችና በድሃ አገሮች ውኃ ማውጣትና ማጣራት የጀመሩት የዛሬው ፓነል ከመሠራቱ ሰማንያ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግመው ሠርተዋል፤ ደጋግመውም ቆመዋል። በእኔ እምነት የዘለቁትን ከቆሙት የለየው ከኃይሉ ዓይነትና ከዋጋው ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ነው፦ ውኃው በተቋረጠ ቀን የሚጠማው ሰው የጥገናውን ገንዘብና ውሳኔ በእጁ መያዙ ወይም አለመያዙ። ማስረጃው ከተለያየ አህጉር ስለሚመጣ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሚጠራው ቦታ በደቡብ አሜሪካ፣ በአታካማ በረሃ ውስጥ ያለው ላስ ሳሊናስ ነው። አካባቢው ዛሬ የቺሊ ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የቦሊቪያ ግዛት ነበር። ዝናብ የሚባል ነገር የማያውቀው ይህ ምድር ለማዳበሪያና ለባሩድ የሚሆን ናይትሬት ስለሚወጣበት፣ ሠራተኛውና ማዕድኑን የሚያጓጉዙት በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎች ሞልተውበት ነበር። ጉድጓድ ተቆፍሮ የሚገኘው ውኃ ግን ከባሕር ውኃ አራት እጥፍ ያህል ጨዋማ በመሆኑ ሰውም ከብትም የሚጠጣው አልነበረም። በ1872 ቻርልስ ዊልሰን የተባለ መሐንዲስ አንድ ዘዴ አበጀ። ሜዳው ላይ ረጃጅም የእንጨት ገንዳዎች ተደረደሩ፤ ወለላቸው ሙቀት እንዲስብ ጠቆረ፤ በላያቸውም በሁለት ወገን ተዳፋት የሆነ የመስታወት ጣራ ተከደነ። ጨዋማው ውኃ በነፋስ መዘውር ተስቦ ከፍታ ላይ ካለ ማጠራቀሚያ በዝግታ ወደ ገንዳዎቹ ይወርዳል። ፀሐይ ስታተነው እንፋሎቱ ከመስታወቱ ሥር ጠል ሆኖ ያርፋል፤ ጠሉም በተዳፋቱ ተንሸራትቶ ጠርዝ ላይ ባለው አሸንዳ ይሰበሰባል፤ ጨዉ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። መስታወቱ በጠቅላላው ከ4,000 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍን ነበር። ፀሐይዋ በደንብ በወጣች ቀን ከ20,000 ሊትር በላይ የሚጠጣ ውኃ ይገኝ ነበር።

ይህ ሥራ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አገልግሏል። ዛሬ በብዙ አገር ከሚተከሉ የውኃ ተቋማት ጥቂት የማይባሉት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚቆሙ ለሚያውቅ ሰው አርባ ዓመት የሚያስገርም ነው። ደግሞም ማሽኑ እንክብካቤ የማይፈልግ ሆኖ አይደለም። ጨዉ ገንዳው ውስጥ እየተጋገረ ስለሚሄድ በየጊዜው በውኃ መታጠብ ነበረበት፤ የበረሃው ነፋስ የሚሰብረው መስታወት መተካት ነበረበት፤ የሚያፈስ መጋጠሚያ መደፈን ነበረበት። ይህን ሁሉ ያሠራው የማዕድኑ ባለቤት ነው። በቅሎዎቹ አንድ ቀን ውኃ ቢያጡ ማዕድኑ ወደብ አይደርስም፤ ኪሳራው በዚያው ሳምንት ሂሳቡ ላይ ይታያል። ስለዚህ መስታወት የሚቀይር ሠራተኛ ደመወዝ ከማንም ልመና ሳይጠበቅ ይከፈል ነበር። ሥራው የቆመውም ፀሐይዋ ከድታው ወይም ገንዳው አርጅቶ ሳይሆን፣ ባቡር መጥቶ የበቅሎውን ሥራ ሲወስድና የተራራ ውኃ በቧንቧ ሲደርስ ነው። ፈላጊ እስካለው ድረስ ሠርቷል፤ ፈላጊው ሲያልቅ ቆሟል።

ሁለተኛው ቦታ ግብፅ ነው። ፍራንክ ሹማን የተባለ የፊላደልፊያ ፈልሳፊ በ1912 እና በ1913 ከካይሮ ደቡብ በማዓዲ አምስት ረጃጅም የጎበጡ መስታወቶችን ተከለ። እያንዳንዳቸው ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ፀሐይዋን እየተከተሉ ይዞራሉ፤ ሙቀቱን መሐላቸው ላይ ባለ ቧንቧ ላይ ሰብስበው ውኃ ያፈላሉ። እንፋሎቱ ሞተር ያንቀሳቅሳል፣ ሞተሩም የዓባይን ውኃ ወደ ጥጥ እርሻ ይስባል። በደቂቃ ከ20,000 ሊትር በላይ ይስብ ነበር። በወቅቱ ግብፅን በእንግሊዝ ስም ያስተዳድር የነበረው ሎርድ ኪችነር ሥራውን አይቶ በመደነቁ በሱዳንም እንዲተከል ፈልጎ ነበር። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። መሐንዲሶቹ ወደየአገራቸው ሄዱ፣ የማሽኑ ብረት ለጦርነት ሥራ ተፈታ፣ ሹማንም በ1918 ሞተ። ብዙ ጸሐፊዎች የማዓዲን መውደቅ ለርካሽ ነዳጅ ይሰጡታል። ነዳጅ እንደረከሰ አይካድም። ነገር ግን ማዓዲ የቆመው ከነዳጅ ጋር በዋጋ ተወዳድሮ ከመሸነፉ በፊት ነው። ማሽኑን የሚያውቁት ሰዎች ሲሄዱ ከእርሻው ባለቤቶች መሐል የእኔ ነው ብሎ የሚይዘው አልነበረም። ገንዘቡ የለንደን፣ ዕውቀቱ የፊላደልፊያ፣ ጥጡም ቢሆን በእንግሊዝ ላለው የላንካሸር ፋብሪካ የሚሄድ ነበር፤ ውኃው የሚያስፈልገው ግብፃዊ ገበሬ በሥራው ውስጥ ከጉልበት ሠራተኛነት ያለፈ ቦታ አልተሰጠውም።

በተቃራኒው የሚታይ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቦረና ቱላ ጉድጓዶች ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ምንም ማሽን ውኃ ሲሰጡ ኖረዋል። ሰዎች በጥልቁ ኤላ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ከታች የተቀዳውን የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያሳልፋሉ፣ ባዶውን ይመልሳሉ፣ ዜማውም ምቱን ይጠብቅላቸዋል። ኃይሉ የሰው ክንድ ብቻ ነው። ጉድጓዱ ግን ደለል ሲሞላው የሚጠረገው፣ ግንቡ ሲናድ የሚጠገነው፣ ተራው የሚጠበቀው አስቀድሞ በተደነገገ ሥርዓት ነው። ኤላውን ያስቆፈረው ወገን መብት ይታወቃል፤ የዕለቱን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋ ይሾማል፤ ሲወስኑ ተጠቃሚዎቹ ተሰብስበው ነው፤ ለትልቅ ቁፋሮ ከብት ይዋጣል። ይህን የማነሣው የድሮውን ለማወደስ አይደለም። ውኃ በክንድ ማውጣት እጅግ አድካሚ ሥራ ነው፣ ማሽን ቢያቀልለው ደስ የሚል ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ካላቸው የውኃ ተቋማት አንዱ ከቴክኖሎጂው ወገን ምንም ሳይኖረው ከአስተዳደሩ ወገን ሁሉም ነገር የተሟላለት መሆኑ፣ ለክርክሬ ካሉኝ ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ነው።

የነፋስ ፓምፕ ታሪክም ወደዚያው ያመራል። በአሜሪካ ዳንኤል ሃላዴይ በ1854 የሠራው ራሱን ወደ ነፋስ የሚያዞር መዘውር ተሻሽሎ በደቡብ አፍሪካ የካሩ ደረቅ ምድር ሲደርስ መቶ ዓመት የዘለቀው፣ እያንዳንዱ መዘውር የአንድ ገበሬ ንብረት ስለነበረ ነው፤ ቢቆም የሚሞቱት የእሱ በጎች ናቸው። በኬንያ ቲካ ከተማ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተመረተው ኪጂቶ የተባለው የነፋስ ፓምፕም የዘለቀው አምራቹ እዚያው አገር በመሆኑና መለዋወጫው ከቲካ ስለሚላክ ነው። በእኛ አገር በታችኛው ኦሞ፣ በዳሰነች ምድር፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጨርቅ ሸራ ያላቸውን፣ በግሪክ ቀርጤስ ደሴት የሚታወቁትን ዓይነት መዘውሮች ተክሎ የኦሞን ውኃ ወደ ማሳ ይስብ ነበር። ሥራው ብልሃት የሞላበት ነበር። ሸራው በእጅ ይጠቀለላል፣ ነፋሱ ሲበረታ ይታጠፋል፣ አብዛኛው ክፍል እዚያው በቀላል መሣሪያ ይሠራል። ፒተር ፍሬንከል የተባለ መሐንዲስ በ1975 ባወጣው መጽሐፍ በዝርዝር ስለገለጸው በዓለም ዙሪያ የነፋስ ፓምፕ የሚሠሩ ሰዎች ኦሞን በስም ያውቁት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ከአካባቢው ሲወጡ ሥራው አብሮ ቆመ። ንድፉ ከበቂ በላይ ቀላል ነበር፤ ነፋሱም አልጠፋም። የሸራውን ጨርቅ የሚገዛው ኪስ ግን የእንግዳው ነበር።

የፀሐይ ፓምፕ በእውነት የድሃ አገር ጉዳይ የሆነው በምዕራብ አፍሪካ ነው። ከ1968 እስከ 1974 ሳህልን የመታው ድርቅ ሕዝብና ከብት ፈጀ። የዳካር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሄንሪ ማሶንና ተማሪያቸው ዣን ፒየር ጂራርዲዬ ግን ከዚያ በፊት በ1960ዎቹ በሙቀት የሚሠራ የፀሐይ ፓምፕ ጀምረው ነበር። ጠፍጣፋ ማሞቂያዎች ውኃ ያሞቃሉ፤ ሙቀቱ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ወደ ጋዝ ይለውጣል፤ ጋዙ ፒስተን ይገፋል፤ ከጉድጓድ የወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ራሱ ጋዙን መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል። አንዱ በ1973 በሞሪታኒያ ጥንታዊት ከተማ ሺንጌቲ ተተከለ። በ1970ዎቹ መጨረሻም በማሊ፣ በኒጀር ወንዝ ዳር ባለችው ዲሬ፣ በሺዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ማሞቂያ ያለው ግዙፍ ጣቢያ ተሠራ። እነዚህ ማሽኖች ከሚያርፍባቸው የፀሐይ ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጡት ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ቧንቧቸውና መጋጠሚያቸው ብዙ ነው፤ ጋዙ ካመለጠ የሚሞላው ባለሙያ ከሩቅ መምጣት አለበት። ዲሬ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው ራሱ ደካማ እንደነበር መቀበል ይገባል፤ የትኛውም የመንደር ኮሚቴ ዲሬን ሊያድነው አይችልም ነበር።

በዚያው ጊዜ ዶሚኒክ ካምፓና የተባለች ፈረንሳያዊት ተማሪ ሌላ ሐሳብ ይዛ ተነሣች፦ ሙቀቱን ትቶ የፀሐይን ብርሃን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ፓነል ከፓምፕ ጋር ማጋጠም። ፓነሉ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ለሳተላይት የሚሠራ ብርቅ ዕቃ ነበር። የመጀመሪያው ፓምፕ በኮርሲካ ደሴት ለአንድ በግ አርቢ ተተከለ። በማሊ ብዙ ዓመት የኖሩት ካቶሊካዊ ቄስ አባ በርናር ቬርስፒየረን ስለዚህ ሰምተው ነበር። በድርቁ ወቅት ማሊ አኳ ቪቫ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ጉድጓድ ያስቆፍሩ ስለነበር፣ የእጅ ፓምፕ በሺህ ሰው እጅ ስንት ጊዜ እንደሚሰበርና የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ሲያጣ ምን እንደሚሆን በቅርብ ያውቁታል። በ1977 ናባሶ በተባለች የማሊ መንደር የመጀመሪያውን የፓነል ፓምፕ አስተከሉ።

ከዚያ በኋላ የተከተሉት መንገድ ከማሽኑ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። ፓምፕ የሚፈልግ መንደር ራሱ መጥቶ መጠየቅና ከዋጋው ድርሻውን አዋጥቶ ማቅረብ ነበረበት። ድርጅቱ በበኩሉ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ የሚጠግን ቡድን ያዘ። ዕቃውም ቢሆን በልምድ ተሻሻለ። መጀመሪያ ሞተሩ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ ታች ያለውን ፓምፕ ያዞር ነበር፤ የሞተሩ ካርቦን ያልቃል፣ ዘንጉም ያስቸግራል። በ1980ዎቹ ሞተሩ ራሱ ውኃው ውስጥ የሚሰጥምና ከፓነሉ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በኢንቨርተር (በኤሌክትሪክ መለወጫ) በኩል የሚቀበል ሲሆን ብልሽቱ እጅግ ቀነሰ። ባትሪ ማስገባትም ቀረ። ሌሊት የሚያስፈልገውን ኤሌክትሪክ ከማከማቸት ይልቅ ቀን የወጣውን ውኃ ከፍታ ላይ ባለ ገንዳ ማከማቸት ይበቃል፤ ውኃው በራሱ ክብደት ወደ ቦኖው ይወርዳል። ባትሪ በየጥቂት ዓመቱ የሚቀየር ውድ ዕቃ በመሆኑ ይህ ቀላል ውሳኔ ከመንደሩ ትከሻ ላይ ትልቅ ሸክም አነሣ።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ ከ1979 ጀምሮ በማሊ፣ በሱዳንና በፊሊፒንስ የፀሐይ ፓምፖችን መስክ ላይ ፈትነው ነበር። ከተፈተኑት ብዙዎቹ አምራቾቹ ያሉላቸውን ያህል አልሠሩም፤ ዋጋቸውም ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። የማሊ መንደሮች ግን በእነዚያው ዓመታት፣ በዚያው ዋጋ፣ ከዓመት ዓመት ውኃ ያገኙ ነበር። ይህን የተረዳ ሰው ሳይኖር አልቀረም፤ ዘጠኝ የሳህል አገሮች በጋራ ኮሚቴያቸው በኩል በአውሮፓ ማኅበረሰብ ገንዘብ በ1990ዎቹ ያካሄዱት የፀሐይ ፕሮግራም ከ600 በላይ የውኃ ፓምፖችን ሲተክል፣ መሠረቱን ያቆመው ውኃ ተሽጦ በሚገኝ ገንዘብ ላይ ነው። መንደሩ ውኃውን በጥቂት ሳንቲም ይሸጣል፤ ገንዘቡን ያስቀምጣል፤ ከግል ድርጅት ጋር የጥገና ውል ይፈርማል፤ ጠጋኙም በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መድረስ ይኖርበታል። ውሉ በየአገሩ እኩል አልሠራም። ቢሆንም ከለጋሹ ይልቅ ቦኖው ጋ የሚሰለፈው ሰው ጠጋኙን የሚጠራበት ሥርዓት በዚያ ስፋት ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ይህ ሁሉ የፓነል ዋጋ ሳይረክስ የነበረ ታሪክ ነው፤ አሁን ዋጋው ከወረደ በኋላ ነገሩ ተለውጧል ይባላል። ሂሳቡን እንሥራው። 1,000 ሰዎች ያሏት መንደር ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ብትሰጥ 20 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋታል። ይህን ውኃ ከ50 ሜትር ጥልቀት ለማንሣት የሚጠይቀው ጉልበት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ፓምፑና ሽቦው የሚያባክኑት ሲታከልበት ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ በሚገኝበት አገር 1,400 ዋት ገደማ ፓነል ይበቃዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤሊየት በርማን የተባለው ኬሚስት የአንድ ዋት ዋጋ ከ100 ዶላር ወደ 20 ዶላር ባወረደበት ጊዜ፣ ይህ ፓነል ብቻ 28,000 ዶላር ይፈጅ ነበር። ዛሬ የአንድ ዋት የፋብሪካ ዋጋ ከ30 ሳንቲም በታች ስለሆነ ፓነሉ ከ420 ዶላር ያነሰ ነው። ልዩነቱ እጅግ ትልቅ ነው፣ አላቃልለውም። ግን ሂሳቡ ራሱ የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ፦ ከጉድጓድ ቁፋሮው፣ ከቧንቧው፣ ከገንዳውና ከጥገናው ጋር ሲተያይ ኃይሉ ከወጪው ትንሹ ክፍል ሆኗል። ፀሐይ ምንም ያህል ብትረክስ የተቃጠለ ኢንቨርተር አትተካም። የእጅ ፓምፕ ነዳጅም ፓነልም አይፈልግም፤ የኃይል ዋጋው ከመጀመሪያው ዜሮ ነው። ያም ሆኖ በ2009 የወጣ የገጠር ውኃ ባለሙያዎች መረብ ግምት ከሰሐራ በታች ካሉት የእጅ ፓምፖች ከሦስት አንዱ ገደማ የማይሠራ መሆኑን አሳይቷል። ነፃ ኃይል ብቻውን ውኃ ቢያስገኝ ኖሮ ይህ ቁጥር ባልታየ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፍትሕ ወገን የሚመጣ ስለሆነ የበለጠ ያሳስበኛል። የከተማ ሰው ቧንቧው ሲፈነዳ ኮሚቴ አቋቁሞ ፓምፕ አይጠግንም፤ ለውኃ ልማት ደውሎ ይጠብቃል። የገጠሩ ድሃ ለምን ገንዘብ ያዋጣል፣ ለምን ሜካኒክ ይሆናል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ የመንደር ባለቤትነት የሚለው ቃል መንግሥት ከኃላፊነቱ የሚሸሽበት መሸሸጊያ የሆነባቸው አገሮች አሉ። ጉድጓድ መቆፈርና የመጀመሪያውን ዕቃ መግዛት የመንደር ሸክም መሆን የለበትም፤ ይህ የመንግሥትና የለጋሽ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የዕለት ወጪ ግን ከባድ ቢሆንም ድሃው ዛሬም ከመክፈል አልዳነም። በአህያና በቦቴ የሚመጣ ውኃ የሚገዛ ሰው በጀሪካን የሚከፍለው በቦኖ ከሚከፈለው ብዙ እጥፍ ነው፤ ሴቶች በመንገድ የሚያጠፉት ሰዓት ደግሞ ማንም የማይቆጥረው ክፍያ ነው። ማሊም ሆነ ሳህል የሚያሳዩት መንደሩ ለብቻው እንዲጋፈጥ መተው እንደማይበቃ ነው። መንደሩ ገንዘቡንና ጠጋኙን የመጥራት መብቱን ይይዛል፤ ዕውቀቱንና መለዋወጫውን ግን በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ያለ ተቋም መያዝ አለበት። አንዱ ያለ ሌላው ባዶ ነው። ኦሞ ዕውቀቱን ያመጣው ሰው ሲሄድ ቆመ፤ ኮሚቴ ብቻ ተቋቁሞላቸው ጠጋኝ ያልተዘጋጀላቸው መንደሮችም ባንክ ውስጥ ገንዘብ ይዘው ተጠምተዋል።

ፀሐይ ነፃ መሆኗ የራሱ አደጋ እንዳለውም መናገር ያስፈልጋል። በናፍጣ የሚሠራ ፓምፕ ነዳጁ ገንዘብ ስለሆነ ሰው ሲበቃው ያጠፋዋል። የፀሐይ ፓምፕን ግን የሚያስጠፋ ምክንያት የለም። በየመን ከ2015 ጦርነት በኋላ ናፍጣ ሲጠፋ ገበሬው በብዛት ወደ ፀሐይ ፓምፕ ዞረ፤ ቀድሞውኑ እየተመናመነ የነበረው የከርሰ ምድር ውኃም ተጨማሪ ጫና ወደቀበት። በሕንድ ጉጃራት ግዛት፣ ዱንዲ በተባለች መንደር፣ በ2016 የተጀመረው ማኅበር ሌላ መላ ዘይዷል፦ ገበሬው ፓምፑን አጥፍቶ የተረፈውን ኤሌክትሪክ ለመንግሥት መስመር ሲሸጥ ገቢ ያገኛል፤ ውኃውን መሬት ውስጥ መተው ዋጋ ወጣለት። እነዚህ ሁለቱም የመስኖ ታሪኮች ናቸው፤ ለመጠጥ የሚወጣው ውኃ በጣም ትንሽ ነው። ሆኖም የመጠጥ ጉድጓድና የመስኖ ጉድጓድ ከአንድ የከርሰ ምድር ክምችት ሲጠጡ ማን ስንት ይሳብ የሚለውን የሚወስን አካል ያስፈልጋል፤ አባ ሄሬጋ በኤላው ላይ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ፓምፕ ውኃ ያወጣል እንጂ አያጠራም። በእኛው ስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር እጅግ ያልፋል፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንት ያጎብጣል። እዚያ ሶላር ፓምፕ ተክሎ ንጹሕ ውኃ አዳረስሁ ማለት ሕዝብን ማታለል ነው። ፀሐይ ጀርም ለመግደል ግን ራሷ ትበቃለች። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው አፍቲም አክራ በ1980 ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ውኃ ከጀርም እንደሚጸዳ አሳየ፤ ቀጥሎም በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እጅ ነገሩ ወደ ቀላል ልማድ ተለወጠ፦ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ጥርት ባለ ቀን ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ። ፍሎራይድንና ጨውን ግን ይህ አይነካቸውም። ላስ ሳሊናስ በ1872 የሠራችውን ሥራ የሚሠራ ማጣሪያ ከፓምፑ ጋር መታሰብ አለበት፤ እሱም በተራው የሚያጥበውና የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል።

ወደ ኢትዮጵያ የአሁን ሁኔታ ስንመለስ፣ አገራችን ለዚህ ታሪክ አዲስ አይደለችም። በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ መንደር በ1985 10.5 ኪሎዋት የፀሐይ ጣቢያ ተተክሎ 300 ያህል ቤቶችን አብርቷል፤ በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የመንደሩን የውኃ ፓምፕና ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጓል። በሰፊው የተገባበት ግን በ2015 እና 2016 ኤልኒኞ ካመጣው ድርቅ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በአፋርና በሶማሌ ክልል ውኃ በቦቴ እየተጫነ ይታደል ነበር፤ የቦቴው ወጪ ከባድ ሆኖ ሲገኝ መንግሥት፣ ዩኒሴፍና ሌሎች ድርጅቶች በናፍጣ ይሠሩ የነበሩ ጥልቅ ጉድጓዶችን ወደ ሶላር ማዞር ጀመሩ። ውሳኔው ትክክል ነበር። አንዳንድ ክልሎችም በተለምዶ ዋሽኮ የሚባለውን የውኃ ኮሚቴ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥተውታል፤ በስሙ የባንክ ሂሳብ ይከፍታል፣ ውል ይፈርማል። ይህ ከፓነሉ ባልተናነሰ የሚያስመሰግን እርምጃ ነው። የቀረው የጠጋኙ ወገን ነው። አንድ የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት ለብዙ ቀበሌዎች ጥቂት ቴክኒሻኖች ይኖሩታል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሰጠመ ፓምፕ ለማውጣት ክሬን ያለው መኪና ያስፈልጋል፣ መኪናው ደግሞ በዞን ወይም በክልል ደረጃ ነው ያለው፤ ኢንቨርተሩ ከውጭ ስለሚመጣ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። መንደሩ ገንዘቡን አዋጥቶ ቢጨርስም እነዚህ ሦስቱ ከእጁ ውጭ ናቸው።

ፓነል ሃያ አምስት ዓመት ያገለግላል። ፓምፑና ኢንቨርተሩ ግን በአማካይ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ነው ዕድሜያቸው። ከ2016 ድርቅ በኋላ የተተከሉት የመጀመሪያዎቹ ተቋማት ወደዚያ ዕድሜ የደረሱት አሁን ነው፤ ለጋሾቹ ፎቶ አንሥተው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ቀጣዩን ፓምፕ የሚገዛው ገንዘብ ከጀሪካን ሳንቲም ተጠራቅሞ በዋሽኮው ሂሳብ ውስጥ መኖሩን፣ ክሬኑም በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ እያንዳንዱ ወረዳ ዘንድሮ ቆጥሮ ሊያውቀው ይገባል።